የሰደድ እሳት ጭስ፦ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀረው

የሰደድ እሳት ጭስ ወደ ከተማ ሲገባ አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ውጭው አየር ነው። መስኮት ይዘጋል፣ ሰማዩ እስኪጠራ ይጠብቃል፣ ሲጠራ መስኮቱን ከፍቶ “አለፈ” ይላል። ነገር ግን ቤት የገባው ጭስ በገባበት መንገድ ሁሉ ተመልሶ አይወጣም። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ መጋረጃውና ሶፋው ይይዙታል፤ ከዚያም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቀስ በቀስ ወደ አየሩ ይመልሱታል። ጭሱ ካለፈ በኋላ ራስ ምታት ካልተውዎት፣ ጉሮሮዎን ከከረከረዎት ወይም ልጅዎ ሌሊት ሌሊት ካሳለ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህንን ለክተው ያሳዩት ሐኪሞች ሳይሆኑ የከባቢ አየር ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ናቸው። እዚህ የጻፍኩት እነሱ ያገኙትንና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን ማለት እንደሆነ ነው። በተለይ በአሜሪካና በካናዳ ለሚኖሩ አንባቢዎች ይጠቅማል፤ አገር ቤት በማገዶና በከሰል ለሚያበስሉም የሚሆን ነገር አለው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭስ ውስጥ ምን አለ?

ጭስ ብናኝና ጋዝ ነው። ሁለቱን ለያይተው ቢያስቧቸው ከታች ያለው ምክር ይቀልዎታል፤ ብናኙን የሚያስቀር ነገር ጋዙን ላያስቀር ይችላልና።

በብናኙ ውስጥ ለጤና ይበልጥ የሚያሳስበው ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሚሆን፣ ከፀጉር ከሃያ ጊዜ በላይ ይቀጥናል ማለት ነው። አፍንጫና ጉሮሮ ይህን ያህል የደቀቀ ነገር አያስቀሩም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች ይደርሳል። የሚያስነሳው ብግነት ደግሞ በሳንባ አያበቃም፣ የደም ሥርንና ልብንም ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በከባድ ጭስ ቀን ይህ ቁጥር ብዙ እጥፍ ያድጋል።

ጋዙ የብዙ ኬሚካሎች ድብልቅ ነው። ዓይን የሚያስለቅሰው አክሮሊን፣ ጉሮሮ የሚያቃጥለው ፎርማልዴሃይድ፣ ካንሰር አምጪ የሆነው ቤንዚን ይገኙበታል (ይህ ቤንዚን ለመኪና ከምንቀዳው ነዳጅ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው)። እሳቱ አጠገብ ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ።

በ2018 ከሐምሌ እስከ መስከረም በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚሊ ፊሸር የሚመራ ቡድን ከአይዳሆ ግዛት እየተነሣ በሲ-130 የምርምር አውሮፕላን በቀጥታ ጭሱ ውስጥ በረረ። አውሮፕላኑ በመለኪያ መሣሪያ የተሞላ ነበር። እንዲህ ያሉ በረራዎች ከሚያስተምሩት አንዱ፣ ጭስ ከእሳቱ ሲርቅ እየቀጠነ ብቻ እንደማይሄድ ነው። በፀሐይ ብርሃን ይለወጣል፤ አንዳንዱ ኬሚካል በሰዓታት ውስጥ ሲጠፋ ሌላው አዲስ ይፈጠራል፤ ኦዞንም ይጨመርበታል። ስለዚህ “እሳቱ ሩቅ ነው” የሚለው ብዙም አያጽናናም። በሰኔ 2023 የካናዳ ኩቤክ ደን ሲቃጠል የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካናማ ሆነ፤ ሰኔ 8 ቀን ደግሞ የዋሽንግተን አየር “በጣም ጤናን የሚጎዳ” የሚባለውን ሐምራዊ ደረጃ ደረሰ። እሳቱ የነበረው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው።

በሜሪላንዱ ቤት የተደረገው ሙከራ

በጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ፣ በአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ግቢ ውስጥ ለምርምር ብቻ የተሠራ፣ ሰው የማይኖርበት መኖሪያ ቤት አለ። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በ2022 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ የከባቢ አየር ኬሚስት ዴልፊን ፋርመርና ባልደረቦቿ በዚህ ቤት ውስጥ ሆን ብለው የጥድ እንጨት ጭስ ለቀቁ፤ ከዚያም አየሩ ውስጥ የቀረውን እየተከታተሉ ለኩ። ውጤቱ በ2023 በ“ሳይንስ አድቫንስስ” መጽሔት ወጣ።

ጋዞቹ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ይጠፋሉ ተብሎ ቢጠበቅም አልጠፉም። የቤቱ ገጽ ሁሉ ጭሱን ጠጥቶ ነበር። መስኮት ሲከፈት በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፤ ሲዘጋ ግድግዳውና ወለሉ የያዙትን ስለሚለቁ ተመልሶ ይወጣል። የአየር ማጣሪያ መሣሪያም እንደዚሁ ነው፦ እየሠራ ሳለ የአንዳንዶቹን ጋዞች መጠን ይቀንሳል፣ ሲጠፋ ይመለሳል። ለውጡ እንዲዘልቅ ያደረገው ማንም ቤት ያለው ነገር ነበር፦ በቫኪዩም መጥረግ፣ ወለል መወልወል፣ እጅ የሚደርስበትን ገጽ ሁሉ በማጽጃ ማበስ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሚጋገረውን ጥቀርሻ የማያውቅ ማን አለ? ምድጃ ዳር ያመሸ ጋቢስ በማግስቱ ሲገልጡት ጭስ ጭስ ይል የለም? ጋቢው የሚሸተው የያዘውን ጭስ እየለቀቀ ስለሆነ ነው። ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ ሽታውን ቶሎ መልመዳችን ነው፤ አፍንጫችን አንድ ቀን ሁለት ቀን ካሸተተ በኋላ ዝም ይላል። ስለዚህ “አሁን አይሸተኝም” ማለት ቤቱ ጸድቷል ማለት አይደለም። ከውጭ የመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ከሸተተው እሱን ይመኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምርምሩ ቤት እንደ እኛ ሳሎን በሶፋ፣ በምንጣፍና በወፍራም መጋረጃ የተሞላ አልነበረም። ጨርቅ በበዛበት ቤት ጭስ የሚይዘው ገጽ ስለሚበዛ፣ ጽዳቱን አንዴ ሠርቶ መተው አይበቃም ባይ ነኝ።

ጭሱ ከቤቶች ቃጠሎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 በኮሎራዶ ቦልደር አካባቢ የተነሣው የማርሻል እሳት አንድ ሺህ ያህል ቤቶችን አወደመ። ሳይቃጠሉ በቀሩት ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ከጭሱ ወይም ከአመዱ ጋር ያያያዙት ቢያንስ አንድ ሕመም እንደነበረባቸው ተናገሩ፤ ከብዙዎቹ የተሰማው የዓይን ማሳከክና ራስ ምታት ነው። ቤቱ የተረፈለት ሰው ስለ ራሱ ሕመም ለማውራት ይከብደዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉን አጥቷልና። እንደዚያም ሆኖ ምልክቱ ካለብዎት ለሐኪም መንገር አለብዎት።

ጭሱ ካለፈ በኋላ ቤቱን እንዴት ያጸዱታል?

መጀመሪያ የውጭው አየር በእርግጥ መጥራቱን ያረጋግጡ። በአሜሪካ “ኤርናው” በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ የአካባቢዎን ቁጥር ያገኛሉ፤ ከ50 በታች አረንጓዴ ነው። ከጠራ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተው ያናፍሱ። ከላይ እንዳልኩት ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ግን የጽዳቱ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፦ መደርደሪያ፣ የበርና የመስኮት ጠርዝ፣ ግድግዳ፣ በመጨረሻ ወለል። በደረቅ ጨርቅ አያራግፉ፣ ብናኙን መልሶ ያስነሣዋል። ለብ ባለ ውኃና በተራ ሳሙና የረጠበ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ ውኃውን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። በረኪና አያስፈልግም። በረኪና በራሱ መተንፈሻን ይቆጣል፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለማ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ቫኪዩሙ ሄፓ ፊልተር ቢኖረው ይመረጣል፤ የሌለው ቫኪዩም የደቀቀውን ብናኝ በኋላው በኩል መልሶ ይተፋዋል። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ አንሶላና ጋቢ ይታጠቡ። የማሞቂያና የማቀዝቀዣውን ፊልተር ይቀይሩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ሕፃን ቢቻል በጽዳቱ ሰዓት ከቤት ውጭ ይሁኑ። እማማ “እኔው ላጽዳ” ቢሉም አይስሟቸው።

በአካባቢዎ ቤቶች ተቃጥለው አመድ ቤትዎ ከገባ በራስዎ መጥረግ አይጀምሩ። የቤት አመድ የደን አመድ አይደለም፤ እርሳስና አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ሕፃናትን ያርቁ፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ የአካባቢው ጤና ቢሮ የሚሰጠውን መመሪያ ይጠይቁ። በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችንና ሌሎች ግንባታዎችን ካወደሙ በኋላ ትልቁ ጭንቀት ይኸው ነበር።

ጭሱ ገና ሳለ

ከቤቱ አንድ ክፍል ይምረጡ፤ ቢቻል መስኮቱ ትንሽ የሆነ መኝታ ክፍል። በሩንና መስኮቱን ይዝጉ፣ ስንጥቁን በእርጥብ ፎጣ ይድፈኑ፣ የአየር ማጣሪያውን እዚያ ያኑሩት። ሄፓ ያለው መሣሪያ ብናኙን በደንብ ይይዛል። ጋዙን የሚቀንሰው ውስጡ በቂ የካርቦን ፊልተር ያለው ብቻ ነው። ውድ ከሆነብዎት፣ ባለ አራት ማዕዘን ተራ ቬንቲሌተር ኋላ ላይ “መርቭ 13” የተጻፈበት ፊልተር በፕላስተር ማሰር ይቻላል፤ ቬንቲሌተሩ ከ2012 ወዲህ የተሠራ ይሁን፣ ተኝተውም ሆነ ከቤት ወጥተው እንደበራ አይተዉት። “ኦዞን ያመነጫል” የተባለ መሣሪያ ግን አይግዙ። ኦዞን ራሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ሽታ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጠው ነገር በሽታ ጨምሮ ይሰጥዎታል።

ጭሱ ከበድ ባለበት ሰዓት ሄፓ በሌለው ቫኪዩም አይጥረጉ። ከላይ ጥረጉ ብዬ አሁን አትጥረጉ ማለቴ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ጉዳዩ የጊዜ ነው። መስኮት ተዘግቶ ሳለ የተነሣ ብናኝ መውጫ የለውም። ጽዳቱ ለነገ ይቆይ።

ቤት ውስጥ ሌላ ጭስ አይጨምሩ፦ ሻማ፣ ሰንደል፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ በዘይት መጥበስ። ቡና ያለ ዕጣን ቡና አይደለም የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ግን ቡናው ያለ ዕጣን፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ከሰል ላይማ ጨርሶ ቀልድ የለም። መስኮቱ በተደፈነ ቤት ከሰል ማቀጣጠል በካርቦን ሞኖክሳይድ መላ ቤተሰብ ይገድላል። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድንዛዜ ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ከያዛቸው ወዲያው ከቤት ውጡና እርዳታ ጥሩ።

ቤቱ በጣም ከሞቀና ማቀዝቀዣ ከሌለው ዘግተው አይቀመጡ። ለአረጋውያን ሙቀቱ ከጭሱ ሊብስ ይችላል። ቤተ መጻሕፍት ወይም የገበያ ማዕከል ይውሰዷቸው።

መውጣት ግድ ከሆነ ኤን95 ማስክ ያድርጉ። ሁለቱም ማሰሪያዎች ከጆሮ ላይ ሳይሆን ከራስ ኋላ ይታሰራሉ፤ ጢም ካለ በጎን አየር ያስገባል። ነጠላ ማጣፋት፣ የጨርቅ ማስክ፣ ሰማያዊው የሕክምና ማስክም ቢሆን ለዚህ ብናኝ አይበቁም። ኤን95ም ቢሆን ጋዙን አያስቀርም፤ ስለዚህ ማስክ አደረግሁ ብለው ሮጥ ሮጥ አይበሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ማስክ አይደረግም፣ ቤት ይቆዩ።

ታክሲ፣ ኡበርና ዴሊቨሪ የምትሠሩ፣ መኪናው የውጭውን አየር እንዳያስገባ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መስኮት ዝጉ፣ የካቢኑን ፊልተር አስቀይሩ። ረጅም ሰዓት ስትነዱ ግን አልፎ አልፎ አየሩን ቀይሩት፤ ተዘግቶ የቆየ መኪና እንቅልፍ ያመጣል። ፓርኪንግ ላይ ቆማችሁ የምትውሉ ደግሞ አሠሪያችሁን ኤን95 እንዲያቀርብና የእረፍት ሰዓት ወደ ውስጥ እንዲያስገባችሁ ጠይቁ።

ስለ ወተት ዘወትር እጠየቃለሁ። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጡት፤ ነገር ግን የሚሄደው ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ ስላልሆነ ጭስ አያጥብም። ውኃ መጠጣት ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ከዚያ አያልፍም።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች

በዝግ ማድ ቤት በማገዶ እንጀራ የምትጋግር ሴት የምትተነፍሰው ብናኝ ከላይ ከተገለጸው የጭስ ቀን ሊያንስ አይችልም፤ የእሷ ደግሞ በዓመት አንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ ነው። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ፣ ትይዩ ሁለት መስኮት፣ የደረቀ እንጨት፣ ከተቻለም የኤሌክትሪክ ምጣድ ለውጥ ያመጣሉ። ሕፃን በጀርባ አዝሎ መጋገር ይቅር። ማድ ቤቱና መኝታው አንድ ክፍል ከሆነ ልብስና አልጋ ልብስ ከምድጃው ይራቅ፣ ግድግዳው በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ፤ ጥቀርሻው ምንም ሳይነድ ሌሊቱን ሙሉ የያዘውን ሲለቅ ያድራልና።

ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ? ሐኪም ዘንድስ መቼ?

አስም ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባሉ። የአየር ጥራቱ ቁጥር ከ100 ሲያልፍ (ብርቱካናማ) እነዚህ ሰዎች የውጭ እንቅስቃሴያቸውን ይቀንሱ፤ ከ150 ሲያልፍ (ቀይ) ሁሉም ሰው ይጠንቀቅ።

አስም ካለብዎት በየቀኑ የሚወስዱትን የመከላከያ ፓፍ “ዛሬ ደህና ነኝ” ብለው አያቋርጡ። ቶሎ የሚያስታግሰው ሳልቡታሞል (በአሜሪካ አልቡቴሮል ይባላል) ማለቁን የጭስ ወራት ሳይመጣ ይፈትሹ። ከወትሮው ይበልጥ ደጋግመው ከፈለጉት ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰዎት በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከጭሱ ማለፍ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ራስ ምታት ወይም የዓይን ማሳከክም መታየት አለበት። ሲሄዱ ቤትዎ ጭስ ገብቶት እንደነበር፣ መቼ እንደነበርና ከቤት ሲወጡ ይሻልዎት እንደሆነ ይንገሩ። ይህን ካልነገሩት ሐኪሙ ጉንፋን ወይም አለርጂ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር የሚከለክል የትንፋሽ እጥረት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት፣ ፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በአሜሪካና በካናዳ 911 ይደውሉ፤ ሌላ አገር ካሉ በአቅራቢያዎ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ወዲያው ይሂዱ። ሕፃን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት መጥባት ካቃተው እንደዚሁ ነው።